ካፒቴን ያልገለበጠው መለኪያ

«ሁለት መለኪያ ገልብጦ ነው የወጣው አሉ» አለ ጋሽ ዜና፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

ጋሽ ዜና ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ሬድዮ ማዳመጥ ነው። በሩቅ አገር መንግሥት ቢገለበጥ በሰፈሩ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ሰዉ ይህን ስም አወጣለት፤ እሱም ወደደው። የሐዘን ቤት ደግሞ ለዜና ይመቻል። ወንበሩ ሙሉ ነው፣ ሻዩ አይቋረጥም፣ ሰሚውም በይሉኝታ ተነስቶ አይሄድም።

«ማን ነው ያለው?» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ጎልማሳ።

«ከጀልባዋ የወጡት ናቸዋ! እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሰማሁትን ነው። ብዙም ሳይርቁ ጀምሮ ስትወላገድ ነበር አሉ። ደኅና ሰው የያዛት ጀልባ ይወላገዳል እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ሰማች። ጥቁር ሻሿን እስከ ግንባሯ ድረስ አስራ፣ ጨርቅ ከለበሰው የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ቀና አለች። ያየችው ግን ጋሽ ዜናን አልነበረም፤ በሩ ጥግ የተቀመጠውን የባሏን ታላቅ ወንድም፣ አናጢውን ነበር። ዓይኗ ምን እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው። ጠጥቶ ነበር ወይ?

አናጢው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታና መልሶ አሰረው።

ባሏ ካፒቴን የሞተው ሰኞ ጠዋት ነው። አሥራ አንድ መንገደኛ አሳፍሮ ወደ ሐይቁ ማዶ ሲሻገር፣ መንገዱን ሳያጋምስ ጀልባዋ ተገለበጠች። መንገደኞቹን ዓሣ አጥማጆች ደርሰው አንድ ሳይቀር አወጧቸው። እሱን ያገኙት ከቀትር በኋላ ነው፤ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነበር። ማክሰኞ ተቀበረ። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ካፒቴን ሲባል እንግዲህ መርከብ የሚነዳ እንዳይመስል። የአሥራ ሁለት ሰው የእንጨት ጀልባ ነበረችው። ስሙ ለፌዝ ነው የወጣው፤ እሱ ግን የሰጡትን ሥልጣን በደስታ ተቀብሎ ሠራበት። በየጠዋቱ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ይቆምና ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ክቡራንና ክቡራት መንገደኞቻችን! ወደ ባሕር ማዶ የምናደርገው ጉዞ ሊጀመር ነው። ሽንኩርት የያዛችሁ ከኋላ፣ ሐሜት የያዛችሁ ከፊት!» አርባ ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ነው ይህ ሁሉ። ሰዉም ሁልጊዜ የሰማውን ቀልድ እንደ አዲስ ይስቅለት ነበር።

አሁን ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ አናጢው ገረመው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ የብርጭቆና የማንኪያ ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ ያቺ ቃል አለች። ከሰኞ ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ ስትዞር ይሰማታል። ከሩቅ የመጣ ዘመድ «ተገለበጠችበት አሉ» ይላል፣ እያዘነ። ከውሃ የወጣ መንገደኛ «ተገለበጥን» ይላል፣ እጁን እያማታ። የተናደደው ደግሞ «ገለበጠን» ይላል። ከትናንት ወዲህ የሚበዛው ይሄኛው ነው።

ለአናጢው ግን ቃሏ የሥራ ቃል ነበረች። በዓመት ሁለት ጊዜ ጀልባዋን ወደ አሸዋው ያወጧታል፤ ለአምስት ለስድስት ሆነው ይገለብጧታል፤ እሱ ሆዷን ይፍቃል፣ ስንጥቋን በሬንጅ ይደፍናል፣ ቀለም ይቀባል። ከመገልበጧ በፊት ውስጧ የተጠራቀመው ውሃ እንዲፈስ ከኋላዋ፣ ከሥር ያለች አንዲት ቀዳዳ ትከፈታለች። ከአውራ ጣት ትንሽ ትሰፋለች። የምትደፈነው በእንጨት ውታፍ ነው፤ ውታፉን የጠረበውም ራሱ ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ስለዚህ ውታፍ ሕግ ነበራቸው። የነቀለው ሰው ከሞተሩ ቁልፍ ጋር በሲባጎ ያስረዋል፤ ቁልፉም ወርክሾፑ ውስጥ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ካፒቴን ጠዋት ቁልፉን ሲያነሳ ውታፉ አብሮ ከተንጠለጠለ ቀዳዳው ክፍት ነው ማለት ነው። ቁልፉ ብቻውን ከሆነ ተደፍኗል። በቃ። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ስተው አያውቁም። ስለዚህ ካፒቴን ጎንበስ ብሎ ማየቱን ከተወ ቆይቷል። ወንድሙ እያለ ምን ያያል?

ሰኞ ረፋድ ላይ ጀልባዋ ተገለበጠች የሚለው ጩኸት ሲሰማ አናጢው ገመድ ሊያመጣ ወደ ወርክሾፑ ሮጠ። ገመዱን ከማንሳቱ በፊት መስኮቱ ላይ፣ ከብሩሾቹ ጎን፣ ውታፉን አየው። እሑድ እሱ ራሱ ያስቀመጠበት ቦታ ነበር። ገመዱን እንዴት አድርጎ እንዳነሳ አያስታውስም። ከዚያ ወዲህ ወርክሾፑን አልከፈተም፤ ለማንም ደግሞ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ጋሼ፣ ሻይ ልድገምህ?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«ተይ፣ አንቺ አትነሺ። አክስቴ ትቀዳልኛለች።»

«አልጠጣህም እኮ። ቀዝቅዟል።»

በዚህ ሐዘን መሃል የሱን ብርጭቆ ታያለች። አናጢው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አንዲት ክፍል አለችው፤ አልጋ ብቻ ነው ያለባት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እራቱን የበላው እዚህ ቤት፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ለሦስት ሰው ነው የምታቀርበው፤ የሱን ሳህን እንደ እንግዳ ሳህን ከላይኛው መደርደሪያ አውርዳ አታውቅም። እውነቱን የተናገረ ቀን ይህ ሁሉ ያበቃል። ይህን ያውቀዋል። የሚያስፈራው ሕግም አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። ብቻውን መብላት ነው የሚያስፈራው። ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

ዝም ካለስ? ዝም ካለ ካፒቴን ሰካራም ሆኖ ይቀራል።

ካፒቴን ድሮ ይጠጣ ነበር። ይህን የማያውቅ የለም። እንደ ቀልድ የጀመረው ነገር ቤቱን ሊያፈርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ አንድ ሰሞን ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አስጭና እናቷ ቤት ገብታለች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ግን የቀረችውን ጠርሙስ ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደና በወንድሙ ፊት ገለበጣት። «ዓሣዎቹ ዛሬ ይዘፍናሉ» አለ። ቀልዱ አላሳቀም። ከዚያ ሚስቱን ሊያስመልስ ሄደ።

ስትመለስ አንድ ነገር አስማለችው። ማታ ከሥራ ሲገባ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ፊቷ ላይ ይተነፍሳል። «ሽተቺኝ» ይላታል። መጀመሪያ ምርመራ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ጨዋታ ሆነ፤ «ሁ!» ይልባታል፣ «ሽንኩርት ነው የሸተትከኝ» ትለዋለች፣ «የመንገደኞቼ ነው» ይላል። በመጨረሻ ሰላምታቸው ሆኖ ቀረ። አናጢው ጠረጴዛው ጋ ሆኖ ይህን በየማታው ያይ ነበር። አንዳንዴ ፊቱን ያዞራል፤ የሚያፍርም የሚቀናም ሰው እንደሚያዞረው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሽንኩርት ነጋዴዋ መጣች። ሰኞ ጀልባዋ ውስጥ ከነበሩት አንዷ ናት፤ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ስትገባ አለቀሰች፣ ልብስ ሰፊዋን አቀፈች፣ ከዚያ ወንበር ሰጧትና ተቀመጠች። ጋሽ ዜና እንኳ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ንገሪኝ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«ተይ እህቴ። ምን ያደርግልሻል?»

«ሁሉም ጥግ ጥግ ይዞ ነው የሚያወራው። አንቺ ፊት ለፊት ንገሪኝ።»

ነጋዴዋ አቀረቀረች። «ስንነሳ ደኅና ነበር። ያቺን የለመዳትን ቀልድ ሁሉ ቀልዷል። ትንሽ እንደሄድን ጀልባዋ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች። እኔ እንኳ ‹ካፒቴን፣ ዛሬ ምን ቀምሰሃል?› አልኩት፣ ለቀልድ። ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን ፊቱ ተለወጠ። መሪውን ለአንዱ መንገደኛ ሰጥቶ ‹ወደ ቅርቡ ዳርቻ አዙር፣ ቀስ ብለህ› አለውና ወደኋላ መጣ። ከዚያ...»

«ከዚያ ምን?»

«እግራችን ሥር ተንበረከከ። ወለሉን ይደባብሳል፣ ጣውላውን ይነቀንቃል። ‹ተነሱልኝ፣ ወደዚያ በሉልኝ› ይላል። አንዲት ሴትዮ ‹ሰውየው አበደ› አለች። ከዚያ ደግሞ ተነስቶ...» ነጋዴዋ የፋሻዋን ጫፍ ጠቀለለች። «ሸሚዙን አወለቀ፣ እህቴ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አውልቆ እንደገና ተደፋ። ደኅና ሰው እንዲህ ያደርጋል? ሴቶቹ ፈርተው ወደ አንድ ጎን ሸሹ። ያኔ ተገለበጥን። እኛ ወደ ውጭ ተወረወርን። እሱ ጎንበስ ባለበት ከሥር ቀረ።»

«ሸተተሽ ወይ?»

«ምን?»

«መጠጥ። ሸተተሽ?»

«እኔ እንጃ። ሽንኩርት ታቅፌ ምን ይሸተኛል? ሰዎቹ ግን ሸተተን ብለዋል።»

ልብስ ሰፊዋ ለማንም ሳይሆን ተናገረች። «ሰኞ ማለዳ ሳልነሳ ነው የወጣው። ማታ ማታ ነበር የማሸተው። ጠዋት አሽትቼው አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሲያታልለኝ ኖሮ ይሆናል።»

አናጢው ተነሳ። ወንበሩ ተንቋቋ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ወደ ጓሮ ወጣና ግድግዳውን ይዞ ቆመ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ካፒቴን ምን ሲያደርግ እንደነበረ የገባው እሱ ብቻ ነው። ጀልባዋ ከበዳት፤ ካፒቴን ውሃ ገብቷል ብሎ ጠረጠረ። ጣውላውን አንስቶ አየ። ቀዳዳውን በእጁ ፈልጎ አገኘው፤ ክፍት ነው። ሸሚዙን አውልቆ ሊወትፈው ተደፋ። ለማንም አልተናገረም፤ አሥራ አንድ ሰው ከተደናገጠ ጀልባዋ ያኔውኑ ትገለበጣለችና። ያን ሰዓት ምን አስቦ ይሆን? ወንድሜ ረሳ ብሎ? ወይስ ወንድሜ እንዲህ አያደርግም፣ ውታፉ ወልቆ ነው ብሎ?

አክስታቸው ተከትላው ወጣች። «ምነው ልጄ? አመመህ?»

«ደኅና ነኝ።»

«እህል አልቀመስክም እኮ። ከእሑድ ጀምሮ እንዲህ ነህ።»

አክስቲቱ ቀን ተሳስታለች፤ ሐዘኑ የመጣው ሰኞ ነው። እሱ ግን ደነገጠ። እሑድ ነበርና የተጣሉት።

እሑድ ጀልባዋ ተገልብጣ ነበር። አናጢው የመጨረሻውን ሰማያዊ ቀለም ሲቀባ ካፒቴን መጣና አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ስላልነበረ አናጢው ወዲያው ጠረጠረ።

«ወንድምጋሼ፣ ልሸጣት ነው» አለ።

«ማንን?»

«ይቺን። ከተማ የአውቶቡስ ሹፌር ይፈልጋሉ። ለሷም የስፌት ሥራ እዚያ ይሻላታል። ደግሞ አውቶቡስ ቢያንስ አይሰጥምም።»

«ይገለበጣል እንጂ።»

ካፒቴን ሳቀ። «ሲገለበጥ መሬት ላይ ነው። አቧራዬን አራግፌ በእግሬ እሄዳለሁ።»

አናጢው አልሳቀም። ልጅ ሆነው አንድ ክፍል ሲማሩ ይህ ሰው የቤት ሥራ ከሱ ይገለብጥ ነበር፤ አንድ ጊዜማ ቸኩሎ የወንድሙን ስም ሳይቀር ገልብጦ ለአስተማሪው አስረከበ። ክፍሉ በሙሉ ሲስቅበት «እንዳይከፋው ብዬ ነው» አለ። እንዲህ ነበር። አናጢው ዕድሜውን በሙሉ ከጎኑ ሲገለበጥለት የኖረ ደብተር ነው፤ አሁን ተገልብጦ አለቀና ሊተው ነው። እኔስ የት ልሆን ነው ሊለው ፈለገ። አንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

«ሂድ» አለው። «ማን ያዘህ?»

«አንተም ና እንጂ! እዚያ ጣውላ የለም?»

«ሂድ አልኩህ። ከፊቴ ዞር በል።»

ካፒቴን ትንሽ ተቀምጦ ተነሳ። አመሻሹ ላይ አናጢው ተሸካሚዎች ጠርቶ ጀልባዋን እዚያው አሸዋው ላይ አቃናት። ሰዎቹ እንዲህ ያዝ፣ እንዲያ ልቀቅ ሲሉት አይሰማም ነበር፤ ከወንድሙ ጋር በሆዱ እየተሟገተ ነበር። ብሩሾቹን አጠበ፣ ወርክሾፑን ዘጋ። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ብቻውን ተሰቅሎ አደረ። የረሳው ተናዶ ነው። አናጢው ሌላ ምክንያት ሊያገኝለት ብዙ ጊዜ ሞክሯል፤ የለም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሲገላበጥ ካደረበት አልጋ ተነስቶ ወደ ሐይቁ ወረደ። ጀልባዋ አሸዋው ላይ ናት። ዓሣ አጥማጆቹ ጎትተው አውጥተው እንደተገለበጠች ትተዋታል። ሰማያዊው ቀለም ገና ይሸታል። ስንት ጊዜ በገዛ እጁ እንዲህ አስተኝቷታል፤ የቀረው ብሩሽ ማንሳት ብቻ ይመስል ነበር። ሁለት ሴቶች ባልዲ ይዘው በአጠገቧ አለፉ፤ ካፒቴን የሞተባት ናት ተባባሉ፣ ቀዳዳዋን ግን የሚያይ የለም። አናጢው በኋላዋ በኩል ተንበረከከ።

ከቀዳዳዋ የጨርቅ ጫፍ ወጥቷል። ጣቱን ሰዶ ትንሽ ሳበው። ጠንክሮ ተወትፏል፤ በሙሉ ኃይሉ ገፍቶታል። ወጣ ያለው የእጅጌ ጫፍ ነበር፣ ድርብ ስፌት ያለው። እንዲህ ድርብ አድርጋ የምትሰፋው በዚህ ሰፈር አንዲት ሴት ናት። ካፒቴን ቀዳዳውን ደፍኖት ነበር። ውሃው አቁሞ ነበር። ሴቶቹ ወደ አንድ ጎን ባይሸሹ...

አናጢው ግንባሩን በጀልባዋ ሆድ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ቀብሩ ላይ አላለቀሰም ነበር።

ከወደቡ ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰው ከቀትር በፊት ደረሰ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን በሩ ላይ ደጋግሞ ጠረገ፣ ሻዩን ተቀበለ፣ ሐዘኑን ገለጸ። ከዚያ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። ወንበሮቹ በሙሉ ተይዘዋል፤ ጋሽ ዜና ፊት ለፊት ነበር።

«የመንገደኞቹን ቃል ወስደናል» አለ። «ጉዳዩ ዛሬ ይዘጋል። ከቤተሰብ የሚጨመር ካለ ብለን ነው። ያለው እንግዲህ...» ጉሮሮውን ጠረገ። ማንበቡ ከበደው። «ነጂው በመጠጥ መንፈስ እንደነበረ የሚያመለክት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ዝቅ አደረገች። ጣቶቿ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ ይዘው ነበር።

«አልጠጣም» አለ አናጢው።

ሁሉም ዞሩ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሸሚዙ እዚያው አለ። ሄደው ይዩት። ከጀልባዋ ኋላ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለች፤ ሸሚዙ እሷ ውስጥ ተወትፏል። ወለሉን የደባበሰው ቀዳዳውን ሲፈልግ ነው። ሸሚዙን ያወለቀው ሊደፍናት ነው። ጀልባዋ የተወላገደችው ውሃ ሞልቷት ነው እንጂ እሱ ደኅና ነበር። ከሁላችሁም በላይ ደኅና ነበር።»

በክፍሉ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። የሽንኩርት ነጋዴዋ ዛሬም መጥታ ነበር፤ «ውይ እኔን! ውይ አፈር በበላሁ!» ብላ አፏን ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ከሰኞ ወዲህ ያልታየ ነገር ታየ፤ ደስታ አይባልም፣ ግን የሰው ፊት ሆነ።

«አሃ» አለ የወደቡ ሰው፣ እስክሪብቶውን እያወጣ። «እንግዲያው መድፈኛው ራሱ ወልቆ ነው። ያጋጥማል፣ እንጨት ነው፣ ይሟሽሻል። ወልቆ ነው ብዬ ልጻፍ?»

እንዲህ ተመቻችቶ ቀረበለት። አዎ ማለት ብቻ ነው። ወንድሙ ይነጻል፣ እሷ ታርፋለች፣ ሳህኑም ጠረጴዛው ላይ ይቆያል። ማንም አይጎዳም፤ ሙት ደግሞ አይናገርም። አናጢው አፉን ከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ታየዋለች፣ በምስጋና።

ያ ምስጋና ነው ያቃተው።

«አልወለቀም» አለ። «እኔ ነኝ ያልገጠምኩት። እሑድ ነቅዬ ወርክሾፑ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፣ ከቁልፉ ጋር ማሰር ነበረብኝ። አላሰርኩም። እሱ ቁልፉን ብቻውን ሲያየው እኔን አምኖ ሄደ። ውታፉ አሁንም እዚያው መስኮቱ ላይ አለ።»

አክስቲቱ «ምን ይላል ይሄ ልጅ?» ብላ ወዲያ ወዲህ አየች። ጋሽ ዜና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋው። የወደቡ ሰው ቀስ ብሎ ጻፈ፣ አነበበ፣ አስፈረመ። «ሊጠሩ ይችላሉ» አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ። በአናጢው በኩል ሲያልፉ አንዳንዱ ትከሻውን ሊነካው እጁን ያነሳና ይመልሰዋል። አክስቲቱን አንዲት ጎረቤት ደግፋ ወሰደቻት። ሁለቱ ብቻ ቀሩ፣ ባዶ ወንበሮቹ በመሃል።

«ስለዚህ አልዋሸኝም?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አልዋሸሽም። አንድም ቀን።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ተነስታ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው። አናጢው መሄድ አለበት፤ ግን ሂድ አላለችውም። ወንበሮቹን ሰብስቦ በየተዋሱበት ቤት ለየ። ብርጭቆዎቹን ወደ ጓዳ ወሰደ፣ አጠበ፣ ደፋቸው። ኮፍያውን አነሳ። በሩን ሲይዝ ከውስጥ የሚጎተት ነገር ድምፅ ሰማ፤ ቆም ይልና እንደገና ይጎተታል።

«ጋሼ» አለች።

መኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን ገፍፋለች። ፍራሹን በአንድ ጎን ለማንሳት ስትታገል ላብ አጥምቋታል። ካፒቴን የሚተኛበት በኩል እንደሱ ትከሻ ሰፍቶ ጎድጉዷል።

«በየሦስት ወሩ አብረን ነበር የምንገለብጠው» አለች፣ ሳታየው። «ከሰኞ ጀምሮ ወንበር ላይ ነው የማድረው። እዚህ ጉድጓድ አጠገብ መተኛት አልቻልኩም። ብቻዬን ሞከርኩ፤ አቃተኝ።»

አናጢው ኮፍያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔን ይቅር...»

«አታናግረኝ። ዛሬ አታናግረኝ። በዚያ በኩል ብቻ ያዝልኝ።»

ዞሮ በማዶ በኩል ያዘ። አነሱት። ከባድ ነበር፤ የድሮ ጥጥ ነው። ፍራሹ በጎኑ ቆመና በመሃላቸው እንደ ግድግዳ ሆነ፤ እሷን አያያትም፣ እሷም አታየውም። አሁን ወደሷ ገፍቶ መልቀቅ ብቻ ነበር የቀረው። በዚያኛው በኩል ግን የሚጎትት እጅ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ጎድጓዳው ውስጥ ቀብራ ስታሸት፣ ደግማም ስታሸት፣ ከዚያ ስታለቅስ ሰማት። ሦስት ቀን ሰው ፊት ያላለቀሰችው ለቅሶ ነበር።

አናጢው አልገፋም፣ አልለቀቀም። ትከሻውን አስጠግቶ፣ እንዳይወድቅባት ደግፎ ያዘላት።